ሁለት ስንዝር የጎደለው ሜዳ

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ የስታዲየሙ ሠራተኞች፣ ዛሬ የምትጫወቱና ድሮ የተጫወታችሁ፣ ጎረቤቶቻችን፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ ስለመጣችሁልን እግዜር ይስጥልን። ከኋላ ያላችሁ እባካችሁ ትንሽ ጠጋ በሉ። ድምፄ ሩቅ አይሄድም።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ እኔ የልብስ አጣቢዋ ልጅ ነኝ። ከትሪቡኑ ሥር ሁለት ክፍሎች አሉ። አንዱ የእኛ ማጠቢያ ነው። ሌላው የሜዳ ሠራተኛው ክፍል ነው። ሁላችንም ጋሽ መስመር የምንላቸው፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው እዚያ ነበሩ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ነው። እሳቸው ሲያስሉ እንሰማለን፤ እኛ ስንስቅ ይሰማሉ። እንዲህ ሆነን አሥራ ሰባት ዓመት ኖርን። ዕድሜዬን ሙሉ ማለት ነው።

«ለምን እሷ ትናገራለች?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። መናገር የሚችል ሰው ሞልቷል። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ግን ያዘዙኝ ጋሽ መስመር ራሳቸው ናቸው። አፈር ከመልበሳቸው በፊት አንድ ነገር እንድነግራችሁ ቃል አስገብተውኛል። በዚያ ዓመት አንድ ስህተት ሠርተዋል። ስህተታቸው የሁላችንንም ደስታ የሚነካ ነው። ስነግራችሁ እሳቸውን ትቀየሟቸው ይሆናል። ያ ዓመት ራሱ ከልባችሁ ይቀንስ ይሆናል። የፈራሁት እሱን ነው። ቢሆንም ቃል ገብቻለሁ።

«ያ ዓመት» ስል የትኛው ዓመት ብሎ የሚጠይቀኝ አለ? አይመስለኝም። አሥር ዓመት አልፎታል። እኔ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ግን ዓይኔን ስጨፍን አሁንም ይታየኛል።

በዚያ ዓመት ምርጫ ነበር። ግድግዳው ሁሉ ፎቶ ለብሶ ነበር፤ አንዱን ሲገነጥሉት ሌላው ከሥሩ ይስቃል። በዚያ ዓመት ክር ፋብሪካው ተዘጋ። የስንቶቻችን እናትና አባት ቤት ዋሉ? በዚያ ዓመት የአውቶቡስ ሾፌሮች አሥራ ዘጠኝ ቀን ሥራ አቆሙ፤ አገር በእግሩ ሄደ። በዚያ ዓመት የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሞቱና ባንዲራው ዝቅ ብሎ ሰነበተ። እናቴ ያን ሳምንት ማሊያ ውጪ አላሰጣችም። «አገር እያዘነ ብርቱካናማ ልብስ ላውለበልብ እንዴ?» አለች። ማሊያው እቤት ውስጥ ተሰጥቶ፣ እኛ ጎንበስ እያልን ከሥሩ ስናልፍ ሰነበትን።

በዚያ ዓመት ያ ብስክሌተኛም ነበር። ሰንሰለቱ ሲበጠስ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሮጦ የጨረሰው። እኛ ሬዲዮ አልነበረንም። ጋሽ መስመር የራሳቸውን ሬዲዮ ድምፅ ከፍ አድርገው ግድግዳውን በጡጫ ይመቱልናል። «ሰማችሁ? ተሸክሞት እየሮጠ ነው!» ይላሉ። እናቴ በሳሙና እጇ ግድግዳውን መልሳ ትመታለች። ልጁ የመጨረሻ ነው የወጣው። ግን አንደኛ የወጣውን ማን ያስታውሰዋል?

ለምርጫው ዕለት ሰልፉን ያሰመረው ማን ነበር? ጋሽ መስመር ነበሩ። ድምፅ የሚሰጠው ስታዲየሙ ግቢ ውስጥ ስለነበር፣ «ሰው እንዳይጋፋ መስመር አስምርልን» ተባሉ። በኖራ አሰመሩ። ሁለት ሴቶች «ቀድሜሽ ነበር፣ አልቀደምሽኝም» እያሉ ሲጣሉ ጋሽ መስመር መጡና መስመሩን አሳዩዋቸው። «እግራችሁን እዩ» አሏቸው። «ሁለታችሁም ከመስመር ውጪ ናችሁ። ከውጪ የገባ ጎል አይቆጠርም።» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ያን ዕለት ሰው ከሳቀባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ እሱ ነበር።

ምክንያቱም በዚያ ዓመት ሰው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ከስታዲየሙ በር ፊት ለፊት ያሉትን ዳቦ ጋጋሪውንና ፀጉር አስተካካዩን ታውቋቸዋላችሁ። ዛሬ እዚህ ጎን ለጎን ቆመዋል። ያኔ አይቆሙም ነበር። አንዱ የዚህኛው ወገን ነው፤ ሌላው የዚያኛው። «መላጨት ከፈለገ የመረጠው ሰውዬ ይላጨው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ዳቦ ከፈለገ የመረጠው ሰውዬ ይጋግርለት» አለ ዳቦ ጋጋሪው። አንዱ ሰባት ወር ሙሉ በጺሙ ዞረ። ሌላው ዳቦ ፍለጋ ሦስት መንገድ ይሻገር ነበር። እኔ የዳቦ ጋጋሪውን ጺም ፈርቼ፣ ዳቦ ስገዛ መሬት መሬቱን ነበር የማየው።

እንዲህ ሆነን ነው ያ ጨዋታ የደረሰው። የመጨረሻው የማጣሪያ ጨዋታ። ካሸነፍን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአህጉሩ ዋንጫ እናልፋለን። አቻ ከወጣን ቀረን።

ጋሽ መስመር በዚያ ዓመት ሠላሳኛ የሥራ ዓመታቸው ነበር። ጫማቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ነጭ ነው። ኖራ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሲገቡ ሰው ልብሱን ይሰበስባል፤ እሳቸው «አይዟችሁ፣ ይራገፋል» ይላሉ። እናቴ «ጋሼ፣ ያን ሱሪ አምጡልኝና ልጠበው» ስትላቸው «ተይው፣ ነጩ ከወጣ ማን ያውቀኛል?» ይሏት ነበር።

ሲያሰምሩ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። መጀመሪያ በሜትር ይለካሉ። ከዚያ ችካል ይተክላሉ። ከችካል ችካል ሲባጎ ይወጥራሉ። ከዚያ የኖራውን ጋሪ እየገፉ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይሄዳሉ። መስመሩ እስኪያልቅ አይናገሩም። ሰላም ብትሏቸው አይመልሱም። መስመሩ ሲያልቅ ዞር ይሉና «ደህና ዋልክ!» ይላሉ። ሰላም ያላቸው ሰውዬ ግን ከሄደ ቆይቷል።

ከጨዋታው ሦስት ቀን በፊት ስታዲየሙ ለስብሰባ ተፈለገ። ክራባት ያሰረ ሰው መጣና «መድረኩ መሃል ሜዳ ላይ ይሠራል» አለ። ጋሽ መስመር ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጌታዬ፣ ሣሩ ገና ልጅ ነው። ከተረገጠ አይነሳም።»

«አባቴ፣ አገር ሊናገር ነው። ሣር ይሰማል እንዴ?»

«ሣሩስ አይሰማም። ኳሷ ግን ትሰማለች።»

ሰውዬው ሳቀ። መድረኩም መሃል ሜዳ ላይ ተሠራ።

አናጺዎቹ ሲሠሩ «ጋሼ፣ ሜትርዎን ለአንድ ሰዓት ያውሱን» አሏቸው። ጋሽ መስመር እምቢ ማለት አያውቁበትም። ሰጧቸው። ስብሰባው አለቀ፣ መድረኩ ፈረሰ፣ እንጨቱ መኪና ላይ ተጫነ። ያ ረጅሙ ሜትርም ከሚስማሩ ጋር አብሮ ሄደ። ሜዳውን ያኔ ብታዩት ታዝኑ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ነው። ጋሽ መስመር አሸዋ አስመጥተው ሸፈኑት። የድሮው መስመር አልታይ አለ። የፍጹም ቅጣት ምቷ ነጥብም ጠፋች። ሁሉም እንደ አዲስ ሊለካ ነው። በምን?

ወደ ማጠቢያችን መጡ። «እህቴ፣ ገመድ አለሽ?» አሏት እናቴን። እናቴ ልብስ የምታሰጣበትን የቃጫ ገመድ ፈታ ሰጠቻቸው። ከጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ደግሞ አጭሩን የልብስ መለኪያ ሜትር ተዋሱ። ኮሪደሩ ላይ ተንበርክከው ገመዱን ሜትር በሜትር ለኩት። አሥራ አንድ ሜትር ላይ ለፍጹም ቅጣት ምቷ ነጥብ ቋጠሮ። አሥራ ስድስት ተኩል ላይ ለክልሉ መስመር ሌላ ቋጠሮ። ሦስት ጊዜ ደጋግመው ለኩት። ይህን በደንብ ስሙልኝ። ኮሪደሩ ላይ ሲለኩት ልክ ነበር።

የጨዋታው ዕለት ጠዋት ዝናብ ጣለ። ታስታውሳላችሁ። አውቶቡስ የለም፤ ያን ዝናብ ለብሳችሁ በእግራችሁ ነው የመጣችሁት። እኛ ከእናንተ በፊት ሜዳው ላይ ነበርን። እናቴ የገመዱን ጫፍ የግብ መስመሩ ላይ ይዛ ቁጭ አለች። ጋሽ መስመር ሳብ አድርገው ወጠሩት። እኔ ራሴ ላይ ፌስታል አድርጌ ጋሪው ላይ ተቀምጫለሁ።

«ቀጥ አለ?» ይላሉ።

«ቀጥ ብሏል ጋሼ፣ ቶሎ በሉ፣ በሰበስኩ!» ትላለች እናቴ።

ቋጠሮዋ ያረፈችበት ላይ ነጥቧን በኖራ አስቀመጡ።

ጨዋታውን እኔ ልንገራችሁ? ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እስከ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ዜሮ ለዜሮ። የሬዲዮው ጋዜጠኛ ድምፅ ዝጎ፣ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። ከዚያ አጥቂያችን ክልሉ ውስጥ ወደቀ። ዳኛው ነጥቧን አሳየ። ስታዲየሙ ዝም አለ። ያን ያህል ሰው በአንዴ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተጫዋቾች የሚወጡበት በር ላይ፣ ከፎጣዎቹ ጋር ነበርኩ። ጋሽ መስመር የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። ዝናቡ የባልዲውን ጎን ሲመታው ይሰማኛል። አምበላችን ኳሷን አስቀመጠ። አሸዋውን በእግሩ ዳሰስ ዳሰስ አደረገ። ቆየ። ቀና አለ። መታ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት እኔ መግለጽ አልችልም። እናቴ ፎጣዎቹን ሁሉ ወደ ላይ ወረወረቻቸው። ጋሽ መስመር ግን ባልዲያቸው ላይ እንደተቀመጡ ያለቅሳሉ። «ምነው ጋሼ?» አልኳቸው። «ሜዳው ቻለ ልጄ» አሉኝ። «ያን ሁሉ ተረግጦ፣ ሜዳው ቻለ።»

ያን ዕለት ነው ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን መንገድ መሃል ያወጣው። «ና ተቀመጥ አንተ ጺማም!» ብሎ ተጣራ።

«አንገቴን ለአንተ? የማን ወገን እንደሆንክ አውቃለሁ» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ግን ተቀመጠ። መንገዱ ሙሉ ቆሞ አየ። ጺሙ በወረደ ቁጥር ሰው ጎል እንደገባ ያጨበጭባል። ከጺሙ ሥር የወጣው ፊት ልጅ ይመስል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ፈርቼው አላውቅም። ያን ዓመት ማን የማን ወገን እንደነበር ዛሬ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ያቺን ምት ግን ሁላችንም እናስታውሳታለን። የዚያ ዓመት ጥሩ ነገር ሁሉ በእሷ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለናል።

አሁን የፈራሁት ቦታ ደረስኩ። ታገሱኝ።

ሳምንት ቆይቶ ከአናጺዎቹ አንዱ ሜትሩን መለሰ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ከሚስማሩ ጋር ሄዶብን ነው» አለ። ጋሽ መስመር ደስ አላቸው። ሰው የጠፋ ዕቃው ሲገኝ መሞከር ያምረዋል። ሄደው ነጥቧን ለኩ። አሥር ሜትር ከሃምሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር።

እንደገና ለኩ። አሥር ሜትር ከሃምሳ ስምንት።

ሁለት ስንዝር ጎደለች።

ወደ ማጠቢያው መጡ። እናቴ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ናት።

«እህቴ፣ ያ ገመድሽ ሲረጥብ ምን ይሆናል?»

እናቴ ሳቀችባቸው። «ምን ይሆናል፣ ይኮማተራላ! ቃጫ አይደል እንዴ? ዝናብ በመጣ ቁጥር ሱሪውን ሁሉ ሽቅብ ይሰቅልብኛል።»

«እንዲያ ነው?» አሉ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዩ። እናቴ ለምን እንደጠየቋት አልጠየቀችም። ሥራ በዝቶባት ነበር።

ሠላሳ ዓመት በሜትር የለካ ሰው የገመድን ጠባይ ከየት ያውቃል? የገመድን ጠባይ የምታውቀው ልብስ አጣቢ ናት። ልብስ አጣቢ ደግሞ ኳሷ ስንት ሜትር ላይ እንደምትቀመጥ አታውቅም። ያን ጠዋት ሁለቱ አንድ ገመድ ይዘው፣ የሚያውቁትን አልተነጋገሩም። ስህተቱ ይህ ነው። አገሩን ያሳለፈችው ምት ከአሥራ አንድ ሜትር አልተመታችም።

ተናገርኩት።

እያጉረመረማችሁ ነው። ይገባኛል። ግን አልጨረስኩም።

ለምን ያኔ አልተናገሩም ትላላችሁ? ሞክረዋል። በዓመቱ መጨረሻ ያ ትልቅ የሽልማት ዝግጅት ነበር። ዓመቱ በሙሉ በሸራ ላይ ታየ። ምርጫው ታየ። የተዘጋው የፋብሪካ በር ታየ። ብስክሌተኛው ታየ። ባንዲራው ዝቅ ሲል ታየ። መጨረሻ ላይ ያቺ ምት ታየች፤ አዳራሹ ተነስቶ ቆመ። ከዚያ ለምርጥ ሜዳ አዘጋጅ ተብሎ ጋሽ መስመር ተጠሩ። ያን ቀን እናቴ ሱሪያቸውን በግድ ተቀብላ አጥባዋለች። ወጡና ማይክሮፎኑን ያዙ።

«ይሄ ለእኔ አይገባም» አሉ።

ሰው አጨበጨበ።

«አይ፣ ስሙኝ እንጂ። ምን እንደሠራሁ የማውቀው እኔ ነኝ» አሉ።

የባሰ አጨበጨበ። ከፊት የተቀመጡ ሴትዮ «ትሕትና ማለት ይሄ ነው!» ብለው እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ምን ይበሉ? ሜዳሊያውን አንገታቸው ላይ አጠለቁላቸው። ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት ሁሉ እናንተም አይታችኋል። ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ሲለኩ አይታችኋል። ተጫዋቾቹ «ጋሽ መስመር፣ ሜዳው በየሳምንቱ ያድጋል እንዴ?» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። «ሜዳውስ አያድግም። ራሴን ነው የማላምነው» ይላሉ። እንስቃለን። እኔም ስቄያለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር «እንደ ጋሽ መስመር ጠንቃቃ ሁን» ይባላል። ጥንቃቄው ከየት እንደመጣ የጠየቀ ማን ነበር?

ዛሬ አምስት ሳምንት፣ ሕመሙ ጠንቶባቸው ሳለ አንሶላቸውን ልቀይር ገባሁ። «ዝምተኛዋ፣ በሩን ዝጊው» አሉኝ። ይህን ሁሉ ነገሩኝ።

«ለእናቴ ለምን አልነገሯትም?» አልኳቸው።

«ገመዱ የማን ነው?» አሉኝ። «ብነግራት አሥር ዓመት ሙሉ ገመዱን እያየች ልብስ ልታሰጣ ነው? ለእሷ ስል ዋጥኩት።»

ትናንት ለእናቴ ነገርኳት። «እኔ ገመድ ሰጠሁ፣ እሳቸው ተሸክመውልኝ ኖሩ» አለች። እማዬ፣ አይዞሽ።

ስለ እንግዶቹ ግብ ጠባቂም አነሱ። «ልጅ ነበር» አሉ። «ሰው ሁሉ ሲጨፍር እሱ የግቡን ቋሚ አቅፎ ነበር። ያስለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ እንኳ አልጠየቅሁትም።» ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ጋሼ ግን ዛሬ በእኔ አፍ ይቅርታ ጠይቀውታል። የሰማችሁ ምስክር ሁኑ።

ከዚያ እንዲህ አሉኝ። «ለሕዝቡ ስሞት ትነግሪያለሽ። በሕይወቴ አልችልም፤ ፈሪ ነኝ። ለአምበሉ ግን አሁን ሂጂና ንገሪው። ልጁን ባላወቀው ነገር አሞኝቼዋለሁ። የሚልሽን ስሚና መጥተሽ ንገሪኝ።»

መጥተሽ ንገሪኝ አሉኝ።

አምበሉ ዛሬ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው። ከስታዲየሙ ሁለት ፌርማታ ነው። ሄድኩ። «ምን ልስጥሽ?» አለኝ። «አምፖል» አልኩ። ገዝቼ ተመለስኩ። በሌላው ሳምንት ሄድኩ። አምፖል ገዛሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። «ለመሆኑ ቤታችሁ ስንት ክፍል ነው?» አለኝ። አንድ ነው። አልነገርኩትም። ስመለስ ጋሽ መስመር ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «ነገርሽው?» ይሉኛል። «ነገ» እላለሁ። «ነገ ጋሼ።» ከትናንት በስቲያ ስገባ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

ትናንት ሄድኩ። «አራተኛ አምፖል?» አለኝ።

«አይደለም። እርስዎን ፈልጌ ነው።»

«እርስዎ አትበይኝ እንጂ፤ ያረጀው ጉልበቴ ብቻ ነው» አለ።

ነገርኩት። መደርደሪያውን እያየሁ ነው የነገርኩት። ስጨርስ በእጁ የያዘውን አምፖል አስቀመጠ።

«መቼ ነው የነገሩሽ?»

«አምስት ሳምንት ሆነው።»

«አምስት ሳምንት!» አለና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። አምፖሎቹ ተንቀጫቀጩ። «እኔ እኮ አውቃለሁ! ያን ዕለት ነው ያወቅሁት!»

አልገባኝም። አስረዳኝ። ልምምድ በጨረሰ ቁጥር ከዚያች ነጥብ ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ ይመታ ነበር። የድሮዋ ነጥብ ያለችበት ትንሽ ጎድጓዳ ነበረች፤ የስንት ዓመት ጫማ የቆፈራት። ያን ዕለት ኳሷን ሲያስቀምጥ አሸዋውን በእግሩ ዳሰሰ። ጎድጓዳዋ ከኳሷ ኋላ ሆነች። ሁለት ስንዝር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት። አንተ ማለቴን ያወቅሁት ኋላ ነው።

«ለማን ልናገር? ለዳኛው? ዳኛው ሜትር አምጡ ይላል። ጋሽ መስመር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊዋረዱ ነው። በማግስቱ ሊባረሩ ነው።» አንዱን አምፖል ወደ ቦታው መለሰና «አልዋሽሽም፣ ሁሉም ለእሳቸው ብዬ አይደለም» አለ። «ማግባትም ፈልጌ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ሲያያቸው አንገቱን ይደፋል። እሳቸውም ሲያዩት ይደፋሉ። እሱ «ማወቄን አውቀው ታዝበውኛል» ይላል። እሳቸው «አሞኝቼዋለሁ» ይላሉ። ኳስ ካቆመ በኋላ ስታዲየሙ ድርሽ ብሎ አያውቅም። እኛ ምን አልን? «ኮራ» አልን። «ሱቅ ከፍቶ ረሳን» አልን። ሰውዬው ግን በአንድ ሽማግሌ ፊት ማለፍ አቅቶት ነው።

እኔ አምስት ሳምንት ነበረኝ። ሁለት ፌርማታ ነበረኝ። ሁለቱ አንድ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሊስቁ ይችሉ ነበር። ጋሽ መስመር ሰምተው ሊያርፉ ይችሉ ነበር። እኔ አፍሬ አምፖል ገዛሁ። የእሳቸውን ስህተት ልነግራችሁ ነው የመጣሁት፤ የእኔ ይበልጣል። የእሳቸውን ዝናብ አመጣው። የእኔን ምን አመጣው?

ያ ዓመት ከቀነሰባችሁ፣ እሳቸውን ሳይሆን እኔን ተቀየሙ። ለእኔ ግን ትናንት ከሱቁ ስወጣ ያ ዓመት ጨመረልኝ። አንድ ምት ነበረኝ። አሁን በዚያ ዝናብ ውስጥ አንዱ ለሌላው ዝም ያሉ ሁለት ሰዎች አሉኝ።

ጋሼ፣ ለሕዝቡ ያሉኝን ተናግሬያለሁ። የሚለውን ስሚና ንገሪኝ ብለውኝ ነበር። ዘግይቼ ነው ያመጣሁት፤ ይቅር ይበሉኝ። ያውቅ ነበር። አላሞኙትም። አልተቀየመዎትም። እርስዎ እንዳይዋረዱ ብሎ ነው አንድ ቃል ያልተናገረው።

እዚህ መጥቷል። ከሁሉ ኋላ፣ ከአጥሩ አጠገብ ቆሟል። «መጠጋት አይገባኝም» ብሎኝ ነው። እባካችሁ መንገድ ልቀቁለት። ና ወንድምጋሼ። አትፈር፤ እኔ እንኳ ተናግሬያለሁ።

ደህና ይሁኑ ጋሽ መስመር። አንገትዎን ቀና ያድርጉ፤ እየመጣ ነው።